ሊጡ አንድ፣ ምጣዱ ሁለት፦ የፌስቡክ ፈጣን ሞተርና የዊኪፔዲያ መግባትና መውጣት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ስድስት ሆነው የሚሠሩት ሥራ ሁሉ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ነው፤ ሰርቨር ላይ የሚያስኬዱት በኖድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ «ወደ ባን እንዙር፤ ኮዱ ያው ነው፣ ፍጥነቱ ግን አይገናኝም» ብሎ ተነሣ። ሁለቱ ደገፉት። ሁለቱ ደግሞ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ብለው ድርቅ አሉ። ወዳጄ መሐል ላይ ቀረና «እስቲ አንተ ፍረደን» አለኝ።

እኔ መፍረዱን ትቼ ታሪክ ነገርኩት። ታሪኩ የኖድም የባንም አይደለም፤ የእነሱ ገና አላለቀም። የፒኤችፒ ነው። «ቋንቋውን ሳንቀይር ወደ ፈጣኑ ሞተር እንሂድ ወይስ በነባሩ እንቆይ?» የሚለው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ተመልሶ፣ መልሱ ተገልብጦ፣ ሒሳቡም ተወራርዶ ያየሁት እዚያ ነው። ለእሱ በስልክ ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሙያው ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ላስቀድም። ፕሮግራመር የሚጽፈውን ኮድ ፕሮሰሰሩ እንዳለ አይረዳውም። በመካከል ኮዱን አንብቦ የሚፈታ፣ ሜሞሪ የሚያድል፣ የተረፈውን መልሶ የሚሰበስብ ሌላ ፕሮግራም አለ። ራንታይም የሚባለው እሱ ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ሞተር እለዋለሁ። አንድ ቋንቋ ሁለት ሦስት ሞተር ሊኖረው ይችላል። አንዱ ሊጥ በማገዶ ምጣድም በኤሌክትሪክ ምጣድም እንደሚጋገረው ማለት ነው። ሁለቱም እንጀራ ያወጣሉ። ልዩነቱን ግን በሁለቱም ጋግራ የምታውቅ ሴት ትነግራችኋለች።

ፒኤችፒን ራስመስ ሌርዶርፍ ለግል ገጹ ብሎ በ1994 ጀመረው፤ በ1995 ለሕዝብ ለቀቀው። ቋንቋ ልፍጠር ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሞተሩን እንደገና የጻፉለት ዜቭ ሱራስኪና አንዲ ጉትማንስ የሚባሉ ሁለት እስራኤላውያን ናቸው። «ዜንድ» የሚለው የሞተሩ ስም ራሱ ከዜቭና ከአንዲ ተቆራርጦ የተሰፋ ነው። በ2000 ከፒኤችፒ 4 ጋር ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፒኤችፒ ማለት ዜንድ፣ ዜንድ ማለት ፒኤችፒ ሆነ። ቋንቋው በጽሑፍ የተደነገገ ሕግ እንኳ አልነበረውም። መመሪያ መጽሐፍ ነበረው፤ ሕግ ግን አልነበረውም። «ይህ መስመር በትክክል ምን ማድረግ አለበት?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «ዜንድ የሚያደርገውን» ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ዜንድ ቀርፋፋ ነበር። ቀርፋፋነቱ ግን አብዛኛውን ሰው አላስጨነቀም። አንድ ገጽ ሲጠየቅ ብዙው ጊዜ የሚያልፈው ዳታቤዝ በመጠበቅ ነው፤ ሰርቨሩ ሲጨናነቅም አንድ ሌላ መጨመር ይቻላል። የሞተር ፍጥነት እንቅልፍ የሚነሳው ሰርቨር በሺህ ለሚቆጥር ሰው ነው።

በ2004 የተከፈተው ፌስቡክ የተጻፈው በፒኤችፒ ነው። በ2010 መጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ 400 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በዚያ መጠን ሲሠራ እያንዳንዷ የባከነች የፕሮሰሰር ሰከንድ በኤሌክትሪክና በብረት ትመነዘራለች። ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ኮዱን በሙሉ በሌላ ፈጣን ቋንቋ እንደገና መጻፍ ነው፤ ይኸውም በመቶ የሚቆጠር መሐንዲስ በየቀኑ የሚለዋውጠውን ኮድ ነው። ሁለተኛው ሊጡን ሳይነኩ ምጣዱን መቀየር ነው።

ምጣዱን መረጡ። ሃይፒንግ ዣው የሚባል መሐንዲሳቸው በሃካቶን የጀመረው ሙከራ አድጎ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2010 «ሂፕሆፕ» በሚል ስም ይፋ ሆነ። የሚሠራው ነገር ሲሰሙት እብደት ይመስላል፦ የፒኤችፒውን ኮድ በሙሉ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ይገለብጠዋል፤ ከዚያም በሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር አንድ ግዙፍ የማሽን ኮድ ፋይል ያወጣል። በዚያው ቀን ባወጡት ጽሑፍ የድር ሰርቨሮቻቸው የሲፒዩ ፍጆታ በአማካይ 50 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ ከድር ትራፊካቸውም 90 በመቶው በሂፕሆፕ እየሄደ እንደሆነ ገለጹ። ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረጉት።

እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ዜና የሚያስጎመጅ ነበር። ዋጋው ግን አብሮ ተጽፎ አልመጣም። የፒኤችፒ አንዳንድ ነገሮች ሂፕሆፕ ላይ ጨርሶ አይሠሩም፤ ለምሳሌ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ በጽሑፍ የተሰጠውን ኮድ የሚያስኬደው «ኢቫል»። በሺህ የሚቆጠር የፒኤችፒ ፋይል አንድ ላይ ተጋግሮ የሚወጣው ፋይል በ2012 1.5 ጊጋባይት ያህል ደርሶ ነበር። ይህንን በየቀኑ ወደ ሰርቨሮቻቸው የሚያሠራጩት በቢትቶረንት ነበር፤ አዎ፣ ፊልም በምናወርድበት በዚያው ቢትቶረንት። ለፌስቡክ ይህ የሚቻል ነገር ነው። ለአንድ ሠራተኛና ለአንዲት ኪራይ ሰርቨር ግን እንኳን ቢትቶረንቱ፣ ኮምፓይለሩ ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቁም ከባድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ችግር ሌላ ነው። ገንቢው አንድ መስመር በቀየረ ቁጥር ያን ግዙፍ ፋይል እስኪጋገር መጠበቅ ስለማይችል በጠረጴዛው ላይ የሚጠቀመው ሌላ፣ ቀስ ብሎ ኮዱን የሚያነብ ሞተር ነበር። ስለዚህ ገንቢው ኮዱን የሚሞክረው በአንዱ ሞተር፣ ሕዝብ የሚጠቀምበት በሌላው ሞተር ሆነ። ሁለቱ ሞተሮች ደግሞ አንዳንዴ አይስማሙም። በጠረጴዛ ላይ ያለፈ ኮድ ሰርቨር ላይ ሲወድቅ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ስቃይ እንደሆነ ያውቀዋል።

ፌስቡክ ራሱ ከዚህ ስቃይ ሸሸ። በ2010 የጀመሩትንና በዲሴምበር 2011 ያስተዋወቁትን ሁለተኛ ሞተር «ኤችኤችቪኤም» አሉት፤ የሂፕሆፕ ቨርቹዋል ማሽን ማለት ነው። ይህ ሁሉንም አስቀድሞ አይጋግርም። ኮዱ እየሄደ ያየዋል፤ ይህ ተለዋዋጭ ሁልጊዜ ቁጥር ነው፣ ያኛው ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው እያለ ይታዘብና ለዚያው የሚስማማ የማሽን ኮድ በቦታው ያመርታል። ጂት የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ከፊተኛው ሂፕሆፕ ይዘገይ ነበር፤ ዓመታት ተለፍቶበት በለጠው። በ2013 የፊተኛው ተጣለ። ልብ በሉ፦ በ2010 ዓለም ያጨበጨበለት ሞተር በሦስት ዓመት ገደማ በገዛ አባቱ እጅ ተቀበረ። ፈጥነው የገቡበት ሰዎች ካሉ ፈጥነው መውጣት ነበረባቸው።

ኤችኤችቪኤም ግን የእውነት ጥሩ ሥራ ነበር። ሰዎቹ ከፌስቡክ ውጭ ያለው ኮድም እንዲሄድበት ፈለጉ። የታወቁ የፒኤችፒ ፕሮጀክቶችን ሰብስበው የእያንዳንዱን መሞከሪያ ፈተና በሞተራቸው ላይ ያስኬዱ ጀመር። ያቺ «ዜንድ የሚያደርገውን» የምትለው መልስ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ያልተጻፈ ቋንቋ ሲሆን ለሁለተኛው ሞተር ፈታኙ የመጀመሪያው ሞተር ነው፤ ስህተቱ ሳይቀር። ዜንድ አንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት እንግዳ ጠባይ ካሳየ፣ በዚያ ጠባይ ላይ ተደግፎ የተጻፈ ኮድ በዓለም ላይ አለ፤ አዲሱ ሞተርም ያንኑ እንግዳ ጠባይ መኮረጅ አለበት። የሚገርመው በ2014 የፒኤችፒን ሕግ በጽሑፍ የደነገገውን የመጀመሪያ ረቂቅ ያዘጋጁት የፌስቡክ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ ምጣድ ሊሠራ የተነሣ ሰው ነው «የምግቡ አሠራር የታለ?» ብሎ የጠየቀው።

በዚያ ዘመን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ በ2015። የምንሠራበት ቦታ ደረሰኝ በአማርኛ አሳምሮ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ሥርዓት ነበረን። ገጾቹ በኤችኤችቪኤም ላይ ሲከፈቱ ደስ ይሉ ነበር። ፒዲኤፉን የሚያወጣው ክፍል ግን በሲ ቋንቋ ተጽፎ ከዜንድ ሆድ ጋር የተሰፋ ኤክስቴንሽን ነበር። በአዲሱ ሞተር አልሄደም። ሁለት ሌሊት ከታገልኩ በኋላ ደረሰኙን ብቻ በድሮው ሞተር፣ የቀረውን በአዲሱ አደረግኩ። አሁን ሁለት ሞተር የሚጠብቅ አንድ ሰው ሆንኩ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ወደ ድሮው መለስኩት። ማንም ተጠቃሚ ልዩነቱን አላየም። ይህ ነገር እስከዛሬ ትንሽ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንምጣ፤ ዊኪፔዲያ።

ዊኪፔዲያን የሚያንቀሳቅሰው ሚዲያዊኪ የተጻፈው በፒኤችፒ ነው። አንባቢ ገጽ ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ካሽ ውስጥ የተቀመጠ ገጽ ስለሆነ የፒኤችፒ ቅርፊት አይነካውም። በስሙ የገባ ሰውና ጽሑፍ የሚያርም ሰው ግን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይወርዳሉ። ስለዚህ የሞተሩ ዘገምተኛነት የሚያርፈው በነጻ በሚደክሙት አርታኢዎች ላይ ነበር። «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭነው መጠበቅ ነው።

በ2014 የዊኪሚዲያ ቡድን ወደ ኤችኤችቪኤም ለመዛወር ተነሣ። ከፌስቡክ የሞተሩ ቡድን አንድ መሐንዲስ ለአንድ ወር ያህል ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሠራ። የእኔን ደረሰኝ የገደለው የኤክስቴንሽን ችግር እነሱንም አገኛቸው፤ ልዩነቱ እነሱ ሞተሩ ውስጥ ገብተው የሚያስተካክሉ ሰዎች ስለነበሯቸው አለፉት። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱን አሳተሙ። አንድ እርማት ለማስቀመጥ የሚወስደው ጊዜ በአማካይ ከ6 ሰከንድ ወደ 3 ሰከንድ ወርዷል። በስሙ ለገባ ሰው ገጽ ለማዘጋጀት ይወስድ የነበረው 1.3 ሰከንድ 0.9 ሆኗል። የሰርቨሮቹ የሲፒዩ ጫና ከ50 በመቶ ግድም ወደ 10 በመቶ ወርዷል፤ ሊገዙ የታቀዱ ሰርቨሮችም በብዛት ከዕቅዱ ተቀነሱ።

እነዚህ ቁጥሮች የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደሉም። የአማርኛው ዊኪፔዲያ የሚቀመጠው በእነዚያው ሰርቨሮች ላይ ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ አንድ ወረዳ ሦስት አንቀጽ የሚጽፍ ሰው ኔትወርኩ የሚበላበትን ይበላበታል፤ በዚያ ላይ ሰርቨሩ የሚያስጠብቀው ግን በግማሽ ቀረለት። ኔትወርኩን ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊያስተካክልለት አይችልም፤ ያቺን ሦስት ሰከንድ ግን መለሱለት። ስለዚህ «መግባታቸው ስህተት ነበር» ለሚሉ ሰዎች አልስማማም። በ2014 በነበረው ዕውቀት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ባይወጡም ኖሮ አርታኢዎች ዓመታት ሙሉ በከንቱ ይጠብቁ ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ሁለት ነገሮች ተከሰቱ፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን አያይዘን አላየናቸውም።

የመጀመሪያው በማርች 2014 ፌስቡክ «ሃክ» የተባለ ቋንቋ ይፋ ማድረጉ ነው። ፒኤችፒን ይመስላል፣ በኤችኤችቪኤም ላይ ይሄዳል፣ ግን የራሱ ቋንቋ ነው። ፌስቡክ ውስጥ ያለው ኮድ በብዛት ወደ ሃክ ተዛውሮ ነበር። ይህ ምን ማለት ነው? የሞተሩ ባለቤት ከእንግዲህ ፒኤችፒ አያስፈልገውም ማለት ነው። ፒኤችፒ በኤችኤችቪኤም ላይ የሚሄደው ለእንግዶች ተብሎ ነው። የእንግዳ ምግብ ደግሞ ጓዳው ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀረው ነው።

ሁለተኛው የተከሰተው በዜንድ በኩል ነው። ዲሚትሪ ስቶጎቭ የሚባል የዜንድ መሐንዲስ ከጓደኞቹ ጋር ለፒኤችፒ ጂት ሊሠራ ሲታገል ቆይቶ ነበር። በመለኪያ ፕሮግራሞች ላይ ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ። እንደ ዎርድፕረስ ያለ እውነተኛ ሥራ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ለውጡ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ። ይህ ለምን እንደሆነ ሲመረምሩ ዎርድፕረስ ሞተሩ ኮድ ሲያስኬድ የሚያጠፋው ጊዜ 30 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አዩ፤ 20 በመቶ ያህሉ ሜሞሪ በማደልና በመመለስ ያልቃል። ስለዚህ ጂቱን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። እያንዳንዱ የፒኤችፒ እሴት የሚቀመጥበትን ዕቃ ከ24 ባይት ወደ 16 አጠበቡት። በዝርዝር ውስጥ አንድ አባል የሚይዘውን ከ72 ባይት ወደ 32 አወረዱት። በየደረጃው የነበረውን «ሜሞሪ ስጠኝ፣ ሜሞሪ ውሰድ» ቀነሱት። የሚያምር አዲስ ሐሳብ የለበትም፤ ቤት ማጽዳት ነው። በሜይ 2014 ያሳዩት ይህ ሥራ በዲሴምበር 3 ቀን 2015 ፒኤችፒ 7 ሆኖ ወጣ። ዎርድፕረስን የመሰሉ ሥራዎች በዚያው ሰርቨር በሰከንድ የሚያስተናግዱት ጥያቄ እጥፍ ግድም ሆነ። ለዚህም ተጠቃሚው ያደረገው ነገር ሞተሩን ወደ አዲሱ እትም ማሳደግ ብቻ ነው።

(ከ5 ቀጥሎ 7 የመጣው ለምን መሰላችሁ? ፒኤችፒ 6 ተጀምሮ የተተወ ሥራ ነው። ሐሳቡ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ከሥሩ መያዝ ነበር፤ በ2010 ከሸፈ። ፒኤችፒ እስካሁን የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው በባይት የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው፤ «ሰላም» ብላችሁ በተራው ተግባር ርዝመቱን ብትጠይቁት 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ። የእኛ ሰው በፒኤችፒ ሲሠራ መጀመሪያ የሚመታው ግድግዳ ይህ ነው።)

ኤችኤችቪኤም ባይመጣ ኖሮ ፒኤችፒ 7 ይመጣ ነበር ወይ? መቼም ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። እኔ ግን እንዲህ በፍጥነት አይመጣም ነበር ባይ ነኝ። ለአሥር ዓመት «ፒኤችፒ ከዚህ በላይ አይፈጥንም» ሲባል የነበረውን ነገር ውሸት ያደረገው የፌስቡክ ሞተር ነው። ጎረቤትህ ሲያርስ እያየህ ተኝተህ አትውልም። በዚህ ዓይን ሲታይ ከኤችኤችቪኤም በብዛት የተጠቀሙት አንድም ቀን ያልጫኑት ሰዎች ናቸው፤ በርካሽ ኪራይ ሰርቨር ላይ ዎርድፕረስ ያላቸው ሚሊዮኖች።

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። ፒኤችፒ 7 ሲወጣ የፍጥነት ልዩነቱ ጠበበ። ኤትሲ በኤችኤችቪኤም ሲሞክር ቆይቶ ወደ ፒኤችፒ 7 ዞረ። በሴፕቴምበር 2017 የኤችኤችቪኤም ቡድን ግልጽ ጽሑፍ አወጣ፦ ከእንግዲህ ከፒኤችፒ 7 ጋር አብሮ መሄድ ዓላማችን አይደለም፣ ትኩረታችን ሃክ ነው፤ በእኛ ላይ ያላችሁ ወይ ሙሉ በሙሉ ወደ ሃክ ወይ ወደ ፒኤችፒ 7 ሂዱ አሉ። ምክንያታቸውን ስታነቡ ልትቀየሟቸው አትችሉም። የፒኤችፒን እንግዳ ጠባዮች መኮረጅ ሞተሩን እያሠረው ነበር፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ከሃክ አውጥተው መጣል ይፈልጋሉ። ለራሳቸው ኮድ ትክክል ነው። በፌብሩዋሪ 2019 የወጣው 4.0 ፒኤችፒን አይደግፍም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ኤችኤችቪኤም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍት ኮድ ነበር። ማንም ወስዶ የፒኤችፒውን ክፍል ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ፈቃዱ አይከለክልም። ማንም አልወሰደም። በየቀኑ የሚሠሩበት ደመወዝተኛ መሐንዲሶች የነበሩበትን ሥራ በትርፍ ሰዓቱ ሊሸከም የሚችል አልነበረም። እኛ ብዙ ጊዜ «ክፍት ነው» ስንል ችግሩ የተፈታ ይመስለናል። ኮዱ ክፍት ነበር፤ ውሳኔው ግን የሚወሰነው በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነበር።

ዊኪሚዲያ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ሃክ ቢሄዱ ፍጥነቱ ይቆይላቸዋል። ግን ሚዲያዊኪን የሚጠቀመው ዊኪፔዲያ ብቻ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ማኅበሩ፣ ድርጅቱ፣ ብቻውን የሚሠራው ሰው በተራ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል። እነዚያ ሰርቨሮች ላይ ያለው ፒኤችፒ ነው። ሃክን መምረጥ እነሱን ሁሉ በር ላይ መተው ነው። ስለዚህ ወደ ነባሩ ሞተር ተመለሱ። አመላለሳቸው የሚያስቀና ነው፦ መጀመሪያ ፈቃደኛ አርታኢዎች ብቻ፣ በአሳሻቸው ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ኩኪ ምልክት እየተለዩ፣ በአዲሱ ሞተር ላይ እንዲሄዱ ተደረገ። ከዚያ ከአንባቢው ጥቂት በመቶ፣ ከዚያ ጨመር፣ ከዚያ ሁሉም። በ2019 ዊኪፔዲያ በፒኤችፒ 7.2 ላይ ነበር። ያነበባችሁ ሰዎች ምንም አላያችሁም።

ይህን ሊያደርጉ የቻሉት በአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በራቸውን ስላልዘጉ ነው። ኮዳቸው በኤችኤችቪኤም ላይ እየሄደ ሳለ በነባሩ ፒኤችፒም እንዲሄድ ይጠብቁት ነበር፤ ሌሎች ጫኞች ስላሉባቸው ግዴታ ነበረባቸው። ለኤችኤችቪኤም ብቻ የሚሠራ ማር የመሰለ ነገር ሁሉ አጠገባቸው ነበር፤ አልነኩትም። ያኔ ሸክም የመሰለው ግዴታ በ2019 መውጫ በር ሆናቸው።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደም አለ፤ እሱም አልተጎዳም። ስላክ በ2016 ከዜንድ ወደ ኤችኤችቪኤም ተዛወረ። ከዋና መሐንዲሶቹ አንዱ፣ ኪዝ አዳምስ፣ ፌስቡክ እያለ ኤችኤችቪኤምን ከጀመሩት ሰዎች ነው። እነሱ በ2017 መንገዱ ሲለያይ ፒኤችፒን ትተው ሃክን ተከተሉ። ይህ የሚቻለው ሞተሩን በስም ሳይሆን በሆዱ የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ሲኖር፣ ኮዱም ለሌላ የማይሰጥ የራስ ብቻ ሲሆን ነው። ያው ሞተር፣ ያው ማስታወቂያ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ፤ ሁለቱም ልክ። በመካከል ያለነው፣ ዊኪሚዲያም ስላክም ያልሆንነው፣ ነን የተቸገርነው።

ስቶጎቭ ያስቀመጠው ጂት የት ደረሰ? በኖቬምበር 2020 ከፒኤችፒ 8.0 ጋር ወጣ። ሒሳብ ለሚያሰላና ምስል ለሚያቀናብር ኮድ ያፈጥናል። ለተራ ድረ ገጽ ግን ዛሬም ያኔ እንዳገኙት ነው፤ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ገንቢዎቹም ራሳቸው ይህን አልደበቁም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ባንስ?» አለኝ። ሁለት ነገር ጠየቅኩት። አንድ ጥያቄ ከደንበኛ መጥቶ መልስ እስኪያገኝ ጊዜው የት የት ነው የሚያልቀው? አላወቀም። በሲ የተጻፈ፣ ከኖድ ሆድ ጋር የተሰፋ ላይብረሪ አላችሁ ወይ? «መሰለኝ» አለ። ለልጁ አክብሮት እንዳለኝ ንገረው፣ መጀመሪያ ግን ይለካ አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። ልጁ ለክቶታል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው የትዕዛዞች ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ ኢንዴክስ ያልተሠራለት። ሠሩለትና ደንበኞቹ ራሳቸው «ምን አደረጋችሁ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ባንን ግን አልተወም። ማታ ማታ መሞከሪያ ፈተናዎቻቸውን በሁለቱም ሞተር ያስኬዳል። እስካሁን ሁለት ቦታ ላይ ተለያይተውበታል፤ አንደኛው የባን ጉዳይ ሆኖ ሳይሆን ኖድ ላይ በዕድል ሲያልፍ የኖረ የእነሱው ስህተት ነበር።